ኳሱን ብቻ ሳይሆን ሜዳውንም ማንበብ

በካምፓላ የማኬሬሬ ኮረብታ ላይ የዕውቀት ችግኝ ከተተከለ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1922 ዐሥራ አራት ተማሪዎችን ይዞ አናጢነትን፣ ግንባታንና መካኒክነትን ማስተማር የጀመረው የቴክኒክ ትምህርት ቤት፣ ከጊዜ በኋላ ኮሌጅ፣ በ1970 ደግሞ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ለመሆን በቅቷል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከኮረብታው ዙሪያ ባሉት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከሰዓት በኋላ ደወል ሲደወል፣ ደብተር ተሰብስቦ ኳስ ይወጣል። በከተማዪቱ ኑሯቸውን የመሠረቱ የኢትዮጵያውያን ልጆችም በየሰፈራቸው ትምህርት ቤት ከኡጋንዳውያን እኩዮቻቸው ጋር አንድ ወንበር ይጋራሉ፤ አንድ ሜዳም ይራገጣሉ።

በኡጋንዳ ከ2020 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የታችኛው ሁለተኛ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርት፣ የሰውነት ማጎልመሻ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከግዴታ ትምህርቶች አንዱ ሆኗል። ይህ በራሱ መልካም እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ሩጫንና ዝላይን ማስተማር አንድ ነገር፣ ስፖርት በማኅበረሰብ ውስጥ ያለውን ድርሻ ማስተማር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህኛው ሲጠየቅ ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ ስፖርት ጤና ይሰጣል፣ ወዳጅነትን ያጠናክራል፣ ሰላምን ያሰፍናል ይላል። መልሱ በፈተና ወረቀት ላይ ሙሉ ነጥብ ያስገኛል፤ እውነትነትም አለው። ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። የኡጋንዳና የኢትዮጵያ የስፖርት ታሪክ ሲገለጥ፣ ያው አንዱ ሜዳ መታዘዝን ለማስተማርም እኩልነትን ለመጠየቅም እንዳገለገለ፣ አንዱ ሜዳሊያ ለአምባገነን ጌጥ፣ ለስደተኛ ደግሞ መታወቂያ እንደሆነ ያሳያል።

ይህን ሁለተኛውን ግማሽ የማያውቅ ወጣት፣ ለጨዋታው ያለውን ፍቅር ሌላ ሰው ለራሱ ጥቅም ሲያውለው መለየት ይቸግረዋል። ስለዚህ በስፖርት ታሪክ ትምህርት ውስጥ ተማሪው ሊለምዳቸው የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ፤ ሕጉን ማን አወጣው? ወደ ሜዳው የገባው ማን ነው? ዋጋውንስ የከፈለው ማን ነው?

ሕጉን ማን አወጣው?

ጨዋታ ወደዚህ የአፍሪካ ክፍል ከሚስዮናውያን ጋር አልመጣም። በቡጋንዳ ትግል ጥንታዊ ነው፤ ከኢትዮጵያ ገበጣ ጋር የሚዛመደው «ኦምዌሶ» የተባለው የጉድጓድና የፍሬ ጨዋታም ከቤተ መንግሥት እስከ ዛፍ ጥላ ድረስ ሲጫወቱት የኖረ ነው። በኢትዮጵያም የገና ጨዋታ፣ ትግልና የፈረስ ጉግስ የየራሳቸው ወግ ነበራቸው። በተለይ የገና ጨዋታ ለዚህ ትምህርት ዓይነተኛ ምሳሌ ነው፤ በዚያ ቀን ሎሌ የጌታውን እግር በዱላ ቢመታ ጌታው ሊቆጣ አይገባውም። ጨዋታው በተያዘበት ሰዓት የማዕረግ ሕግ ቀርቶ የሜዳው ሕግ ይገዛል። ጨዋታው ሲያበቃ ጌታም ወደ ጌትነቱ፣ ሎሌም ወደ ሎሌነቱ ይመለሳሉ፤ ቢሆንም እኩልነት ምን እንደሚመስል ሁለቱም በዓይናቸው አይተዋል።

ሚስዮናውያኑ ይዘውት የመጡት አዲስ ነገር በሰዓት የተለካ፣ በጽሑፍ ሕግ የታሰረና ፊሽካ የያዘ ዳኛ ያለው ጨዋታ ነበር። በ1902 የናሚልያንጎ ኮሌጅ፣ በ1905 የጋያዛ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት፣ በ1906 ደግሞ የቡጋንዳ ነገሥታት ዘውድ በሚጭኑበት በቡዶ ኮረብታ ላይ የኪንግስ ኮሌጅ ቡዶ ተከፈቱ። እነዚህ ትምህርት ቤቶች የአዳሪ ትምህርት ሥርዓታቸውን የቀዱት ከእንግሊዝ ነው። በእንግሊዝ በዚያ ዘመን በነበረው እምነት ልጅን ለኃላፊነት የሚያበቃው መጽሐፍ ብቻ አልነበረም፤ የቡድን ጨዋታም ጭምር ነበር። ተማሪው ለአምበሉ መታዘዝን፣ ሽንፈትን ያለ ማጉረምረም መቀበልን፣ የዳኛን ውሳኔ አለመከራከርን በሜዳ ላይ ይማራል ተብሎ ይታሰብ ነበር።

እነዚህ በጎ ጠባዮች ናቸው። ለገዢዎች ግን ሌላ ጥቅምም ነበራቸው። እንግሊዝ ኡጋንዳን ያስተዳደረችው በአብዛኛው በአገሬው ሹማምንት በኩል ሲሆን፣ የሹማምንቱ ልጆች ደግሞ በእነዚሁ ትምህርት ቤቶች ይማሩ ነበር። ሕጉን ሌላ ሰው አውጥቶት፣ ፊሽካውንም ሌላ ሰው ይዞት ሳለ በትጋትና በጨዋነት መጫወትን የለመደ ወጣት፣ ለእንዲህ ያለው አስተዳደር ተስማሚ ሹም ይሆናል።

ሆኖም ሕግ አንድ ባሕርይ አለው፤ አንዴ ከተጻፈ በኋላ ያወጣውንም ሰው ያስራል። መስመሩ ለሁሉም እኩል መሆኑን በሜዳ የተማረ ልጅ፣ ከሜዳ ውጭ ያለው መስመር ለምን እኩል እንዳልሆነ መጠየቁ አይቀርም። ጨዋታውም በመምህራን እጅ ብቻ አልቀረም። የኡጋንዳ እግር ኳስ ማኅበር በ1924 ተመሠረተ፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ደግሞ የቡጋንዳ ጎሳዎች በየስማቸው ቡድን አቋቁመው ለንጉሣቸው ዋንጫ መጫወት ጀመሩ። ከባሕር ማዶ የመጣው ኳስ የአገሬውን የዘር ሐረግ ልብስ ለበሰ።

ሕግ የማውጣት ጥያቄ ግን በትምህርት ቤት አጥር ውስጥ የሚያበቃ አይደለም። በ1964 የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር ፊፋ፣ ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ የአፍሪካ አሸናፊ በቀጥታ እንደማያልፍና ከእስያና ከኦሺንያ ጋር ለአንዲት ቦታ እንደሚፎካከር ወሰነ። ለአውሮፓ ግን ብዙ ቦታ ነበራት። ኢትዮጵያን ጨምሮ ዐሥራ አምስት የአፍሪካ አገሮች ከማጣሪያው ራሳቸውን አገለሉ። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ጨዋታውን ያለ አፍሪካ አካሄዱት፤ ነገር ግን ጥቂት ቆይቶ ውሳኔው ተለወጠ፤ በ1970 ሞሮኮ ለአፍሪካ በተመደበው ቦታ ሜክሲኮ ላይ ተሰለፈች። እንግዲህ የሜዳው ሕግ ሰው ሠራሽ እንደሆነ፣ ሰውም ሊያሻሽለው እንደሚችል ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የቀለለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ወደ ሜዳው የገባው ማን ነው?

የሁለተኛውን ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ከካምፓላ ወደ አዲስ አበባ መሻገር ያሻል። የቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ቡድን በ1928 ዓ.ም. በተመሠረተ በወራት ውስጥ የፋሺስት ጦር ዋና ከተማዪቱን ያዘ። በወረራው ዘመን በሥራ በመንደርና በመዝናኛ የተዘረጋው የዘር መለያ አጥር ሜዳውንም አልማረም፤ ኢትዮጵያዊና ጣሊያናዊ በአንድ ጨዋታ እኩል ሆነው እንዳይገናኙ ተከለከለ። ይህ ክልከላ ራሱ የስፖርትን ኃይል ይመሰክራል። ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ገዢው ምን አስፈራው? ዘጠና ደቂቃ እኩል የቆመ ሰው ከዚያ በኋላ ዝቅ ብሎ መኖር እንደሚከብደው ገዢው አሳምሮ ያውቅ ነበር።

ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው የመጀመሪያው ሻምፒዮና አምስት ቡድኖች ተሰለፉ። የኢትዮጵያውያን ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የጣሊያኖች ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖች አራራት፣ የግሪኮች ኦሎምፒያኮስ እና የእንግሊዝ ወታደራዊ ተልእኮ ቡድን ነበሩ። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዞቹ ቡድን ነው። ሆኖም ከጥቂት ዓመታት በፊት አብሮ መጫወት የተከለከለባት ከተማ፣ ነዋሪዎቿን ሁሉ በአንድ ሜዳ አገናኘች።

በቅዱስ ጊዮርጊስ ማልያ ከተጫወቱት መካከል አንዱ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሪ የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። እኚህ ሰው ተጫዋች፣ አሠልጣኝና የስፖርት መሪ በመሆን ያለፉበት መንገድ ሁሉ የዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ታሪክ ነው። በየካቲት 1949 ዓ.ም. (በ1957) የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠረት፣ መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም አራቱ አገሮች ይጠበቁ ነበር። የደቡብ አፍሪካ ማኅበር ግን ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበትን ቡድን ለመላክ ፈቃደኛ አልሆነም፤ ወይ የነጮችን ብቻ፣ ወይ የጥቁሮችን ብቻ እልካለሁ አለ። ጉባኤው አልተቀበለውም፤ ውድድሩ በሦስት አገሮች መካከል ተካሄደ። ገና በእግሩ ያልቆመ ድርጅት በመጀመሪያው ወር ያሳለፈው ውሳኔ ይህ ነበር። አቶ ይድነቃቸው ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስካረፉ ድረስ ኮንፌዴሬሽኑን ሲመሩም፣ ደቡብ አፍሪካ በ1976 ከፊፋ እንድትወገድ ካደረጉት ድምፆች የእርሳቸው አንዱና ዋነኛው ነበር።

አሁን ወደ ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ እንምጣ። በጥር 1954 ዓ.ም. (በ1962) አዲስ አበባ አራት ቡድኖችን አስተናገደች። ኢትዮጵያ፣ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ፣ ቱኒዚያና ኡጋንዳ ነበሩ። ኡጋንዳ በግብፅ 2 ለ 1፣ ለሦስተኛ ደረጃ በተደረገው ጨዋታ ደግሞ በቱኒዚያ 3 ለ 0 ተሸንፋ ተመለሰች። ከውጤቱ ይልቅ ተማሪ ሊያጤነው የሚገባው ግን የቀኑ ነገር ነው። ኡጋንዳ ነጻነቷን ያገኘችው መስከረም 29 ቀን 1955 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ቡድኗ አዲስ አበባ ሜዳ ላይ ሲቆም አገሪቱ ገና በእንግሊዝ ሞግዚት አስተዳደር ሥር ነበረች። በዓለም መንግሥታት ጉባኤ ወንበር ያልነበራት ኡጋንዳ፣ በእግር ኳስ ሜዳ ግን ከነጻ አገሮች ጋር እኩል ዐሥራ አንድ ተጫዋች አሰልፋ ነበር። በካምፓላ የሚማር ኢትዮጵያዊ ልጅና ከጎኑ የተቀመጠ ኡጋንዳዊ ጓደኛው የሚጋሩት አንድ የታሪክ ገጽ ካለ፣ ይህ ነው።

በዚያው ውድድር ፍጻሜ ጥር 13 ቀን ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ከኋላ ተነሥታ፣ መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 ካለቀ በኋላ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈች። ግቦቹን ያስቆጠሩት ግርማ ተክሌ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ እና መንግሥቱ ወርቁ ናቸው። አምበሉ ሉቺያኖ አሥመራ ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ አባት የተወለደ ነበር። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ እንዲህ ያለ የውጭ ስም ያለው ሰው ሊቀበል አይገባም ያሉ እንደነበሩ፣ አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ግን በሐሳባቸው እንደጸኑ ይነገራል። ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተቀበለው ሉቺያኖ ነው። «የእኛ» የሚባለው ማን እንደሆነ ሜዳው በአደባባይ የመለሰበት ቀን ነበር ማለት ይቻላል።

ይሁንና በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ የሰው ልጅ ግማሽ የለም። ማኬሬሬ ራሱ ቀድሞ የነበረው መሪ ቃል «ወንዶች እንሁን» የሚል ነበር። በ1945 የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሴት ተማሪዎች ሲገቡ መሪ ቃሉ ተለውጦ «ለመጪው ጊዜ እንገነባለን» የሚል ሆነ። የስፖርት ሜዳው ግን የመሪ ቃሉን ያህል ፈጥኖ አልተለወጠም። በበቆጂ አካባቢ ያደገችው ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ሁለተኛ የወጣችው ኤላና ሜየር ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ነበረች፤ አገሯ ከረጅም የእገዳ ዘመን በኋላ ወደ ኦሎምፒክ የተመለሰችበት ዓመት ነበር። ሁለቱ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ፣ በካርቱም በ1957 የተዘጋው በር በሌላ ሜዳ ላይ ሲከፈት የታየ ያህል ነበር። ኡጋንዳም በ2005 ዶርከስ ኢንዚኩሩን የሴቶች 3 ሺህ ሜትር መሰናክል የመጀመሪያዋ የዓለም ሻምፒዮን አድርጋ አየች፤ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ደግሞ ፔሩዝ ቼሙታይ በዚሁ ርቀት ለአገሯ የመጀመሪያዋ ሴት የኦሎምፒክ አሸናፊ ሆነች።

ዋጋውን የከፈለው ማን ነው?

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም የሚከብደው ነው። በማኬሬሬ ለዐሥር ዓመት ያህል ያስተማሩት ፕሮፌሰር አሊ ማዝሩይ፣ ኡጋንዳን ከለቀቁ በኋላ በ1977 ባሳተሙት ጥናት ቡጢኛውን ሙሐመድ ዓሊንና ወታደሩን ኢዲ አሚንን እንደ ሁለት ዓለም አቀፍ የፖለቲካ ምልክቶች አነጻጽረው ተመልክተዋል። ንጽጽሩ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ አሚን ራሱ ከ1951 እስከ 1960 የኡጋንዳ የቀላል ከባድ ሚዛን የቡጢ ሻምፒዮን ነበር። ጡንቻና ሥልጣን በአንድ ሰው ሲገናኙ ምን እንደሚከተል ካምፓላ ከማንም በላይ ታውቃለች።

በአሚን ዘመን ነበር ጆን አኪ ቡዋ የተባለው ወጣት ፖሊስ ለኡጋንዳ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ ያመጣላት። በ1972 በሙኒክ የ400 ሜትር መሰናክልን ለሯጭ አመቺ ባልሆነው በመጀመሪያው መም ላይ ሮጦ በ47.82 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። መንግሥቱም ስሙን ለመንገድ ሰጠው፤ ክብሩንም ለራሱ ገጽታ ተጠቀመበት። ነገር ግን አኪ ቡዋ የላንጎ ሰው ነበር፤ ከሥልጣን የተባረሩት የሚልተን ኦቦቴ ወገን በመሆናቸው ላንጎዎች በአሚን ወታደሮች እጅ ብዙ ተገድለዋል። ሜዳሊያው አንገቱ ላይ ሳለ ወገኖቹ ያልቁ ነበር።

በ1976 ኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድኗን ወደ አፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ በመላኳ፣ ከሃያ በላይ አገሮች፣ አብዛኞቹ አፍሪካውያን፣ ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ ቀሩ። ኡጋንዳም ኢትዮጵያም ከእነርሱ መካከል ነበሩ። አኪ ቡዋ በቀረበት ሜዳ አሜሪካዊው ኤድዊን ሞሰስ ክብረ ወሰኑን ወሰደ። ኢትዮጵያዊው ምሩጽ ይፍጠርም በሙኒክ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ካገኘ በኋላ ሊያሸንፍ የሚችልበት የኦሎምፒክ ዓመት አለፈው። ምሩጽ በ1980 በሞስኮ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ አግኝቶ ተካሰ። አኪ ቡዋ ግን በሞስኮ ቢሮጥም የቀድሞው ፍጥነት አልተመለሰለትም። የአሚን መንግሥት በ1979 ሲወድቅ ወደ ኬንያ ተሰዶ በስደተኝነት ቆይቶ ነበር፤ ከዚያ ያወጣው የሜዳሊያው ዝና ነው፤ አንድ የጀርመን የስፖርት ጫማ ድርጅት አስታወሰውና ወደ ጀርመን ወሰደው። ኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በ1997 በአርባ ሰባት ዓመቱ አረፈ። ምሩጽ ይፍጠርም በ2016 ከአገሩ ርቆ በቶሮንቶ አረፈ።

ከአፓርታይድ ጋር የተደረገው ትግል ፍትሐዊ ነበር። ዋጋውን ግን የወሰኑት ሚኒስትሮች አልከፈሉም፤ የከፈሉት በሕይወት ዘመናቸው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ዕድል የሚያገኙ ሯጮች ናቸው። ሁለቱም እውነቶች በአንድነት ይቆማሉ። ተማሪ አንዱን መርጦ ሌላውን እንዲጥል ማስገደድ አያሻም፤ ሁለቱን በአንድ እጅ መያዝን መልመዱ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። ስደትን በቅርብ ለሚያውቁ የካምፓላ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆች ደግሞ የአኪ ቡዋ ታሪክ ከመጽሐፍ ይልቅ ከቤት ወግ ጋር ይቀራረባል።

የዋጋው ጥያቄ ያለፈ ዘመን ጉዳይ ብቻ አልሆነም። ኡጋንዳዊቷ የማራቶን ሯጭ ርብቃ ቼፕቴጌ በፓሪስ ኦሎምፒክ በተሳተፈች በሳምንታት ውስጥ፣ የቀድሞ የፍቅር ጓደኛዋ ቤንዚን አርከፍክፎ ባደረሰባት የእሳት ጥቃት መስከረም 5 ቀን 2024 ሕይወቷ አለፈ። አገር የምትሸልማት ሴት በገዛ ደጇ ጥበቃ ካላገኘች፣ የድሏ ሰልፍ ምን ያህል እንደሚያስጠልላት ማንም ተማሪ ሊጠይቅ ይገባል።

ዋጋው በሳንቲም የሚከፈልበትም ቦታ አለ። በካምፓላም በአዲስ አበባም የስፖርት ውርርድ ቤቶች በየመንገዱ ተከፍተዋል። የኡጋንዳ የ2016 የሎተሪና የቁማር ሕግ ከ25 ዓመት በታች የሆነ ሰው እንዳይወራረድ ይከለክላል፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በሙሉ ማለት ይቻላል በዚህ ክልከላ ሥር ነው። አቶ ይድነቃቸው በዘመናቸው የአልኮልና የትምባሆ ማስታወቂያ በአፍሪካ እግር ኳስ ሜዳ እንዳይገባ አጥብቀው ሲከላከሉ፣ ብዙዎች ገንዘብን የሚገፉ ግትር አድርገው አይተዋቸው ነበር። የልጅ ኪስ በጨዋታ ስም ሲራገፍ ለሚያይ ወላጅ ግን የእርሳቸው ግትርነት ዛሬ ሌላ ትርጉም ይሰጣል።

ክፍል ውስጥ እንዴት ይሰጥ?

ይህን ሁሉ ለዐሥራ አራት ወይም ለዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ በአንድ ጊዜ ማሸከም አይቻልም። ሦስቱን ጥያቄዎች ግን ከሜዳ ሳይወጡ ማስተማር ይቻላል። ለመጀመሪያው ጥያቄ መምህሩ ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ አንደኛው ቡድን ብቻ የጨዋታ ሕግ እንዲያወጣ ያድርግ። ለራሱ የሚያደላ ሕግ ማውጣቱ አይቀርም፤ ሌላውም ማጉረምረሙ። ከዚያ የ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ታሪክ ሲነገር ጆሮ ያገኛል። ሦስተኛው ሕግ ደግሞ በጋራ ይውጣ፤ ያኔ ተማሪው ሕግና ትእዛዝ የተለያዩ መሆናቸውን በራሱ ልምድ ይረዳል።

ለሁለተኛው ጥያቄ የትምህርት ቤቱ የቆዩ የቡድን ፎቶግራፎች ጥሩ ሰነዶች ናቸው። ማን ቆሟል? ማን ተቀምጧል? ሴቶች ከየትኛው ዓመት ጀምሮ ይታያሉ? ፎቶ ባይገኝ አያትና እናት አሉ። ልጁ እናቱን «በልጅነትሽ ምን ትጫወቺ ነበር? መቼ ተከለከልሽ?» ብሎ መጠየቁ፣ አያቱን ደግሞ «እርስዎ ገና ተጫውተዋል?» ማለቱ፣ ከመማሪያ መጽሐፍ የማይገኝ ታሪክ ያስገኝለታል። ገበጣና ኦምዌሶ ጎን ለጎን ቀርበው ሕጋቸው ቢነጻጸር ደግሞ ኢትዮጵያዊውና ኡጋንዳዊው ልጅ አንዳቸው የሌላቸው መምህር ይሆናሉ።

ለሦስተኛው ጥያቄ የሚመቸው የክርክር ሰዓት ነው። «ኡጋንዳና ኢትዮጵያ በ1976 ከሞንትሪያል መቅረታቸው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም?» ተብሎ ቢቀርብ፣ አንዱ ተማሪ እንደ ሚኒስትር፣ አንዱ እንደ አኪ ቡዋ፣ ሌላው በሶዌቶ እንደሚኖር ተማሪ ሆኖ ይናገራል። በክርክሩ የሚያሸንፍ ባይኖር ምንም አይደለም።

ሽንፈትም የትምህርቱ አካል ይሁን። በመጋቢት 2017 የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና በካምፓላ፣ የነጻነት ሰንደቅ በተሰቀለበት በኮሎሎ ሜዳ ተካሂዶ ነበር። ያዕቆብ ኪፕሊሞ በወጣት ወንዶች፣ ኢትዮጵያዊቷ ለተሰንበት ግደይ በወጣት ሴቶች አሸነፉ። በአዋቂዎቹ ውድድር ግን ጆሹዋ ቼፕቴጌ በወገኖቹ ፊት ሲመራ ቆይቶ በመጨረሻው ዙር ጉልበቱ ከዳው፤ እየተንገዳገደ 30ኛ ወጣ። ሦስት ዓመት ተኩል ቆይቶ በ2020 ይኸው ሯጭ የቀነኒሳ በቀለን የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰኖች በተከታታይ ሰበረ። የ10 ሺህውን በቫሌንሲያ በሰበረበት በዚያው ምሽት፣ በዚያው መም ላይ ለተሰንበት የጥሩነሽ ዲባባን የ5 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰን አሻሽላለች። ኡጋንዳዊው የኢትዮጵያዊውን ክብር ሲወስድ በካምፓላ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ልጅ ማዘን አለበት ወይስ መደሰት? መልሱን መምህር ሊሰጠው አይችልም፤ ጥያቄውን ግን ሊነፍገው አይገባም።

በ2023 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የ2027ን የአፍሪካ ዋንጫ አዘጋጅነት ለኡጋንዳ፣ ለኬንያና ለታንዛንያ በጋራ ሰጥቷል። ኡጋንዳ ባንዲራ ሳይኖራት በአዲስ አበባ የተሳተፈችበት ያው ውድድር ነው። በማኬሬሬ ዙሪያ ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ የሚማሩት ልጆች ስታዲየም ገብተው ሲጮኹ፣ ከፊታቸው ያለው ኳስ ስንት በር አንኳኩቶ እዚያ እንደደረሰ ቢያውቁ ጩኸታቸው አይቀንስም። ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ግን ሕጉን ማን እንዳወጣው፣ ከአጥሩ ውጭ ማን እንደቀረ፣ ሒሳቡንም ማን እንደሚከፍል ዞር ብለው ይመለከታሉ።